ሚጢጢ ትማራለች

እኔ ተኳሽ ነኝ። አትደንግጡ፤ በስድሳ ሁለት ዓመቴ ከሸሚዝና ከሱሪ በቀር የተኮስኩት የለም። የምሠራው አንዲት ልብስ ሰፊ ዘንድ ነው። ሦስት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ደግሞ የእኔ ካውያ። ፊት ለፊታችን አውቶቡስ መቆሚያ ስላለ ሰው ቀኑን ሙሉ በመስኮታችን መስታወት ፀጉሩን ያበጥራል። ባለቤቲቱ አርባን ተሻግራለች፤ አላገባችም። ሰፈሩ “እሜቴ እምቢ” ይላታል። ደንበኛ “ለነገ ይድረስልኝ” ሲላት “እምቢ፣ ሐሙስ” ትላለች። ሐሙስ ሲመጣ ግን ልብሱ ተሰፍቶ፣ ተተኩሶ፣ ተሰቅሎ ይጠብቀዋል። እኔም እሜቴ እላታለሁ፤ እሷ ጋሼ ትለኛለች።

የዛሬ ሰባት ዓመት ታናሽ ወንድሟ አንዲት ልጅ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ መጣ። የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ሚስቱ በወሊድ ስለሞተችበት ሕፃኗን ለሚስቱ ዘመዶች አደራ ሰጥቶ መንገድ ለመንገድ ነበር የከረመው። ዘመዶቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ የራሳቸው አምስት ልጅ ነበራቸውና ለስድስተኛዋ የሚደርሰው ቀጥኖ ቀጥኖ ውሃ ሆነ። ሲመለስ ያገኛት በሁለት ዓመት ከመንፈቋ የሰባት ወር ሕፃን የማታህል ልጅ ናት። ፀጉሯ ሳስቶ ቀልቷል፤ እግሯ አብጧል። በዚያ ላይ አንድ ክፉ ትኩሳት ከያዛት ወዲህ ይጥላታል።

ሆስፒታል አምስት ሳምንት ተኛች። ሐቁን ለመናገር ሐኪሞቹ ከሞት አፍ ነው የመለሷት። በልክ በልክ እያበሉ ነፍስ ዘሩባት፤ ለሚጥላት ደግሞ ሽሮፕ አዘዙላት። ስትወጣ ሰውነቷ መለስ ብሎ ነበር። ዓይኗ ግን አልተመለሰም። ሰው አታይም። አታለቅስም። ያስቀመጧት ቦታ ትቀመጣለች። አሻንጉሊት እጇ ላይ ቢያኖሩላት ጣቷ ስለማይጨብጥ ተንሸራቶ ይወድቃል።

ሐኪሙ ለእሜቴ፣ “አንጎሏ ማደግ በነበረበት ሰዓት ነው የተራበችው፤ ያውም እየጣላት ከርማለች። ብዙ አትጠብቂ” አላት።

ወንድሟ ይህን ሰምቶ አቀርቅሮ ወጣ። የተጫነ መኪና ይጠብቀው ነበርና በማግሥቱ መንገድ ገባ፤ ልጅቷ ከአክስቷ ጋር ቀረች። ከማነሷ የተነሳ ሚጢጢ አልናት።

ከዚያ ሰው ሁሉ መካሪ ሆነ። “ጫጫታ ያስነሳባታል” አለ አንዱ። “ብርሃን አታሳያት” አለች ሌላዋ። ከመካሪዎቹ ዋነኛው እኔ ነበርኩ። እኔ ስናገር ደግሞ ከልምድ ነው፤ ታናሽ ወንድሜ ይጥለው ነበር። እናታችን ነፍሷን ይማረውና ጓዳ ውስጥ መጋረጃ ጋርዳ አስቀመጠችው። ከክፋት አልነበረም፤ ከፍቅር ነው፣ ትንሽም ከሀፍረት። “ይረፍ” ትል ነበር። እሱም አረፈ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚያው አርፎ፣ የራሱን ስም እንኳ መጥራት ሳይማር ሞተ። ይኸው እያለ እኔ ሞኙ ያንኑ መጋረጃ ለእሜቴ መከርኳት።

እሜቴም በሕይወቷ አንድ ጊዜ እሺ አለች። ከሱቁ ጀርባ ያለችውን ክፍል አጸዳድታ፣ መስኮቷን በወፍራም ጥቁር ጨርቅ ጋርዳ፣ ሞግዚት ቀጠረችላት። መድኃኒቷ በሰዓቱ፣ ምግቧ በሰዓቱ። አራት ወር እንዲህ ሆነ። ሚጢጢ ጉንጯ ሞላ። ግን አንድም ቀን ወደ ሰው ዞራ አታውቅም። ግድግዳውን እያየች ራሷን ወደፊት ወደኋላ ትወዘውዛለች። እሜቴ ምሳ ሰዓት ላይ ገብታ ታያትና ትወጣለች፤ ከዚያ የመኪናዋ ፔዳል የበደላት ይመስል ስትረግጠው ትውላለች።

አንድ ሰኞ ሞግዚቷ ቀረች። መቶ ሃያ የተማሪ ዩኒፎርም ተቀብለን ጣራ ድረስ ተከምሯል። እሜቴ ምን ታድርግ፤ ልጅቷን አምጥታ ከጠረጴዛው አጠገብ የጨርቅ ቁርጥራጭ የሞላ ከረጢት ላይ አስቀመጠቻት። ሦስቱም መኪና ይንጫጫል፤ አውቶቡሱ ጡሩምባ ይነፋል፤ እኔ እለፈልፋለሁ። እኔ ዝም የምለው ስተኛ ብቻ ነው፤ ያኔም አንኮራፋለሁ። ልቤ ግን ተሰቅሏል። አሁን ይጥላታል፣ አሁን ይጥላታል እላለሁ።

ከዚህ መሐል የእሜቴ ክርን የቁልፉን ቆርቆሮ መታውና የሸሚዙም የኮቱም ቁልፍ ወለል ላይ ተበተነ። አንድ ትልቅ ቀይ የካፖርት ቁልፍ በጠርዙ ቆሞ እየተንከባለለ በሚጢጢ ፊት አለፈ።

ሚጢጢ አንገቷን አዞረች። ቁልፉ ግድግዳ ነክቶ፣ ተሽከርክሮ፣ እስኪጋደም ድረስ በዓይኗ ተከተለችው።

እሜቴ እጇ ጨርቁ ላይ እንዳለ ደርቃ ቀረች። “ጋሼ፣ አይተዋል?”

“አይቻለሁ።”

ተንበርክካ ቁልፉን እንደገና አንከባለለችው። ልጅቷ አየችው። ደገመችው፤ አየችው። በስምንተኛው ይሁን በዘጠነኛው ሚጢጢ እጇን ዘረጋች። አልደረሰችበትም። ግን ዘረጋች።

እሜቴ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ጥቁሩ ጨርቅ ከነዘንጉ ሲገነጠል እኔ ካለሁበት ተሰማኝ።

በማግሥቱ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት፤ እኔም ካውያዬን ነቅዬ ተከተልኩ። ሚጢጢን የምትከታተላት ነርስ ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ናት። ስለ መጋረጃው ስትሰማ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

“ጨለማ ውስጥ አስቀምጧት ያለ ማነው?”

እሜቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወደ ኮርኒሱ።

“ስሚኝ እኅቴ” አለች ነርሷ። “መድኃኒቱ የሚጥላትን ይይዝላታል፤ አንድ ቀን እንዳይቋረጥ። ምግቡ ሥጋዋን ይሠራል። አንጎል ግን ሌላም ቀለብ አለው፤ ወሬ፣ ጨዋታ፣ የሚዳሰስ ነገር፣ ስትዘረጋ የሚዘረጋላት ሰው። ርሃብና ሕመም የጎዳው ልጅ ይሄ ሲቀርበት ሁለተኛ ይራባል። በአይጥ እንኳ ሞክረው አይተውታል። በግልገልነታቸው የተራቡና እንደ እሷ የጣላቸው አይጦች ባዶ ሣጥን ውስጥ ሲያድጉ መንገድ መማር ይከብዳቸዋል። መወጣጫ፣ መጫወቻና ጓደኛ ያለበት ሰፊ ቤት ሲሰጧቸው ግን ይሻላቸዋል።”

“ይማራሉ?”

“ባዶ ሣጥን ውስጥ ካደጉት ይልቅ ይማራሉ። የጎደለውን ሁሉ ይሞላል ብዬ አልዋሽሽም። አይጥ ደግሞ ልጅ አይደለም።”

እሜቴ ሚጢጢን እያዘለች፣ “አይጥ ከተማረ የወንድሜ ልጅ አትማርም የሚል ይምጣና ይንገረኝ!” አለች። መተላለፊያው ላይ ተራ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቃችን ሱቅ መሆኑ ቀረ። መቀሶቹ ሁሉ ከፍ ብለው ተሰቀሉ። የጠረጴዛው ማዕዘን ሁሉ በስፖንጅና በጨርቅ ተጠቀለለ። በቁርጥራጭ የታጨቀ ትልቅ ፍራሽ ተሰፍቶ መሐል ወለል ላይ ተነጠፈ። በካውያዬ ዙሪያ አናጢው አጥር ሠራልኝና በግ መሰልኩ። እሜቴ ከከፋይ፣ ከጂንስ፣ ከሐር፣ ከሱፍ አንድ አንድ መዳፍ እየቆረጠች እንደ መጽሐፍ ጠረዘችላት፤ ሚጢጢ ገጹን እየገለጠች በጉንጯ ትዳስሰዋለች። የደንበኞች መስታወት ከግድግዳው ወርዶ በልጅቷ ቁመት ተተከለ። ትልልቆቹ ሰዎች ከጉልበታቸው በላይ ምን እንደሚመስሉ ማየት ቀረባቸው።

ለእኔ የተሰጠኝ ሥራ ወሬ ነበር። “ጋሼ፣ ይሄ አፍ ለምን እንደተሰጠዎት አሁን አወቅን” አለችኝ እሜቴ። ስተኩስ እነግራታለሁ። “ይሄ እጅጌ ነው። እጅጌው እጅ የለውም። እጁ የት ሄደ? ያንቺ እጅ ገባበት!” ቀኑን ሙሉ። ሌላ ሰው ቢሰማኝ ጋሼ ጨርሶ ለቀቀ ይለኝ ነበር።

ደንበኛም አልቀረለትም። የገባ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ሚጢጢን ሰላም ማለት፣ የሆነ ነገር መስጠት፣ እስክትቀበለው መጠበቅ አለበት። አንድ ባለ ክራቫት፣ “እስክትቀበለኝ ሥራ ይረፍድብኛል፤ ደግሞስ ምን ታውቃለች?” አለ። እሜቴ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ጠቀለለችው። “እንግዲያው ሱሪዎን የሚያውቅ ሰው ጋ ያሰፉ” አለችው። ሰውየው ተቆጥቶ ወጣ። በሳምንቱ ተመልሶ መጥቶ ፍራሹ ላይ ተቀምጦ የመኪናውን ቁልፍ እያንቃጨለ ሲያጫውታት አገኘሁት።

ቶሎ የመጣ ነገር አልነበረም። ሰባት ወር ፈጀ። ለሳምንታት አንድም ነገር አይታይም፤ ከዚያ ድንገት ስታጨበጭብ፣ ከዚያ ጠረጴዛውን ይዛ ስትቆም። አንድ ከሰዓት ቀዩን ቁልፍ አንከባልዬላት ስተወው ሱሪዬን ጎትታ፣ “ደግሞ” አለች። የመጀመሪያ ቃሏ ነው። እማማም አባባም አላለችም፤ ደግሞ! እሜቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ የፈታችውን ክር ስትጠቀልል፣ የጠቀለለችውን ስትፈታ ቆየች።

የእሜቴ ወንድም የመጣው፣ እንደ መጥፎ ዕድል፣ ሚጢጢ ወር ሙሉ ደህና ከርማ በጣላት ቀን ነው። ከበሩ ሲገባ ልጁ ፍራሹ ላይ ትንፈራገጣለች፤ እሜቴ በጎን አጋድማ ጭንቅላቷን ይዛለች፤ እኔ ሰዓት አያለሁ። ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ለቀቃትና እንቅልፍ ወሰዳት። ሰውየው ከበሩ አልተንቀሳቀሰም።

“እትዬ፣ ልጄን ልትገድያት ነው?” አለ። “ይሄ ሁሉ መኪና፣ ይሄ ሁሉ ሰው! እንዲህ ያሉ ልጆችን የሚያስተኙበት ቤት አግኝቻለሁ። ጸጥ ያለ ነው። ልወስዳት ነው የመጣሁት።”

“መኝታማ አላት” አለች እሜቴ። “አንተ የምታመጣላት መነሻ ካለ አምጣ።”

“ሐኪሙ የነገረሽን ረሳሽው? አትማርም! ለምን በከንቱ ታለፊያታለሽ?”

“እምቢ።”

“እትዬ…”

“እምቢ አልኩህ! ባዶ ቤት ውስጥ አስቀምጠን ‘አትማርም’ ማለትማ ማን ያቅተዋል? እጅና እግር አስረህ ‘አይሮጥም’ እንደማለት ነው!”

በወንድምና በእኅት ነገር አልገባም ብዬ ነበር። አፌ ግን መች ይሰማኛል። “የእኔ ወንድም ጸጥ ያለ ቤት ነበረው” አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። “አሥራ ዘጠኝ ዓመት። አንድ ቀን መጋረጃውን ገልጬ ኳስ አሳየሁት፤ ሳቀ። እናቴ ተቆጣችኝና ዳግመኛ አልገለጥኩም። እየው ልጄ፣ እኔ ያን ሳቅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ውሰዳትና አንተም የማትረሳው ነገር ይኑርህ።”

ሾፌሩ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሚጢጢ ነቃች። የማታውቀውን ሰው ብዙ አየችው። ከዚያ ቀዩን ቁልፍ ፈልጋ አግኝታ እጁ ላይ አኖረችለትና፣ “ደግሞ” አለችው። ሰውየው ምን እንደሆነ አልገባውም። እኔ በምልክት አሳየሁት፤ አንከባለለላት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሱቅ ስንዘጋ ሁለቱም ገና ወለሉ ላይ ነበሩ። ስለ ጸጥተኛው ቤት ዳግመኛ አላነሳም።

ነርሷ ደግሞ በሳምንቱ መዝናት፣ “ክብደቷ ጨምሯል፤ የመድኃኒቱ ልክ ግን ባለበት ነው። አይ የኔ ጥፋት” ብላ አስተካከለችው። የጣላት የመኪናችን ጫጫታ አልነበረም።

በሰባት ዓመቷ ሚጢጢ ትሮጣለች፤ በአጭር በአጭሩ ታወራለች፤ ቀለም አሳምራ ትለያለች። ቁጥር ከስድስት በኋላ ይጠፋባታል። እሜቴ ዩኒፎርሟን ሰፍታ፣ እኔ ተኩሼው፣ ሦስታችን ትምህርት ቤት ሄድን። ርእሰ መምህሩ ጨዋ ሰው ነው፤ ወንበር ሰጠን። የሕክምና ወረቀቱን ሲያነብ ግን ፊቱ ተለወጠ።

“እዚህ ልትማር አትችልም። ክፍል ውስጥ ቢጥላት መምህራኔ ምን ማድረግ እንዳለባቸው አያውቁም። ለሌሎቹም ልጆች ማሰብ አለብኝ።”

“አለማወቅ የእነሱ ከሆነ፣ ከትምህርት የምትቀረው እሷ ለምንድነው?” አለች እሜቴ። “መምህራኑ የት ናቸው?”

“ሻይ እረፍት ላይ ናቸው፣ ግን…”

ግንን ማን ሰማው። እሜቴ የመምህራኑን ክፍል በር ከፍታ ገባች። ዘጠኝ መምህራን ብርጭቋቸውን እንደያዙ አዩን።

“ጋሼ፣ ይውደቁ” አለችኝ።

“ምን?”

“ይውደቁ!”

በእርጅናዬ፣ ራሴ የተኮስኩትን ንጹሕ ሱሪ ለብሼ፣ በተማሩ ሰዎች ፊት ወለል ላይ ተጋደምኩ። መንፈራገጥም ጀመርኩ። አንዲት መምህርት ሳቋን ማፈን አቃታት፤ አንዱ ማንኪያ ይዞ ወደ አፌ ሮጠ።

“አቁም!” አለች እሜቴ። “አፉ ውስጥ ምንም አይገባም። ማንኪያም ጣትም። እርስዎ ርእሰ መምህር፣ ይምጡ። ወንበሩን ያርቁ። ኮትዎን ያውልቁና ከጭንቅላቱ ሥር ያድርጉ። አሁን በጎኑ ያጋድሙት። አይጫኑት፤ አያስጨንቁት። ሰዓት ይዩ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ጣቢያ ትሮጣላችሁ። ሲለቀው አጠገቡ ሆናችሁ ታጽናኑታላችሁ። በቃ። ይሄው ነው፤ ሌላ የለውም።”

ሰውየው ላቡ እየወረደ አጋደመኝ። አቀላጥፎ ነበር፤ እውነቴን ነው። ከዚያ እያንዳንዱ መምህር ተራ በተራ እንዲያጋድመኝ አደረገች። በጠቅላላው አሥር ጊዜ ወደቅሁ። ሚጢጢ በር ላይ ቆማ፣ ጨዋታ መስሏት በየመሐሉ “ደግሞ!” ትላለች። ሳቋን ያላፈነችው መምህርት መጨረሻ ላይ ተነሥታ፣ “የእኔ ክፍል ትግባ” አለች። ርእሰ መምህሩ ኮቱን አንሥቶ አራገፈ። “ለሙከራ ያህል” አለ በመጨረሻ።

“ሙከራውን ከልጆቹ ሁሉ ጋር እኩል ትሞክራለች” አለች እሜቴ።

አንደኛ ክፍልን ሁለት ዓመት ተማረችው። ዘንድሮ ሁለተኛ ናት፤ ከክፍሏ በዕድሜ ትልቋ፣ በቁመት ትንሿ። ሒሳብ አሁንም ጠላቷ ነው። ጠዋት የነገሯትን ከሰዓት ላይ የምትረሳበት ቀን አለ። ያ የረሃብ ዘመን ያበላሸው ሁሉ ተቃና አልልም፤ ነርሷም አላለችም። ይጥላታልም፤ በዓመት አንዴ፣ ሁለቴ።

ባለፈው ረቡዕ ክፍል ውስጥ ጣላት። መምህርቷ ልጅ ልካ አስጠራችን፤ እሜቴ የሰካችውን መርፌ ሳትነቅል ሮጠች፤ እኔም በቀረችኝ ጉልበት ተከተልኳት። ስንደርስ ነገሩ አልፏል። ወንበሮቹ ወደ ዳር ተገፍተዋል፤ የአንድ ልጅ ሹራብ ታጥፎ ወለል ላይ አለ። ልጆቹ አልጮኹም፤ አልሸሹም። ሚጢጢ ፊቷ እንደ አመድ ሆኖ፣ ፀጉሯ ተንጨባሮ ቦታዋ ላይ ተቀምጣለች። መጽሐፏ ፊት ለፊቷ ተዘርግቷል።

“ይውሰዷትና ትረፍ” አለች መምህርቷ ቀስ ብላ።

“የማንበብ ተራዬ ነው” አለች ሚጢጢ።

“ነገ ታነቢያለሽ የኔ እናት።”

“ተራዬ ዛሬ ነው!”

መምህርቷ ወደ እሜቴ አየች። እሜቴ በሩን ተደግፋ ቆመች። “እሺ፣ አንብቢ” አለች መምህርቷ።

ሚጢጢ ጣቷን ፊደሉ ሥር አድርጋ ጀመረች። አምስት መስመር ናት፤ ሌላ ልጅ በአንድ ትንፋሽ ይጨርሳታል። በሦስተኛው መስመር ላይ አንድ ቃል ያዛት። ሞከረችው፤ አልሆነም። እንደገና ሞከረችው። ከኋላዋ አንዱ ልጅ ሹክ ሊላት ሲል ዘወር ብላ፣ “አትንገረኝ!” ብላ ጮኸችበት። ክፍሉ ሙሉ ጠበቃት። በአራተኛው ሙከራ አወጣችው። አምስተኛውን መስመር ስትጨርስ ማንም ያጨበጨበ የለም፤ መምህርቷ “ጥሩ፣ ቀጣይ” ብላ ወደሚቀጥለው ልጅ አለፈች፤ እንደማንኛውም ተማሪ።

ሚጢጢ መጽሐፏን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ወደ እኛ መጥታ የአክስቷን ቀሚስ ያዘች።

“አሁን እንሂድ፤ እንቅልፌ መጥቷል” አለች።

ወስደን አስተኛናት። ሐሙስ ጠዋት ደወል ሳይደወል ክፍሏ ነበረች።